የካናዳን ሰንደቅ ዓላማ ያስለወጡት ሌስተር ፒርሰን

ስለ ታላላቅ ሰዎች ሕይወት ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ወይ ጦር የመራ፥ ወይ ዙፋን የያዘ፥ ወይ ስለ ነጻነት ሲል ወህኒ የወረደ ነው። ዛሬ የምናነሣቸው ሰው ግን ከነዚህ አንዱንም አይደሉም። ድምፃቸው ለአደባባይ ንግግር የማይመች፥ ፓፒዮን ማሠር የሚወዱ፥ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አገር ሲመሩ እንኳ በምክር ቤቱ ውስጥ ሙሉ ብልጫ ከቶ ያላገኙ ካናዳዊ ናቸው። እኒህም ሌስተር ፒርሰን ናቸው። የመረጥናቸውም በ1964 ዓ.ም. ሰንደቅ ዓላማን ያህል ነገር ለመለወጥ ተነሥተው የደረሰባቸውንና ያደረጉትን መመርመር ለተማሪ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ፒርሰን ኤፕሪል 23 ቀን 1897 ዓ.ም. በቶሮንቶ አጠገብ ኒውተንብሩክ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ። በ16 ዓመታቸው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ዳሩ ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ትምህርቱን አቋረጠባቸው። በ1915 ዓ.ም. በሕክምና ክፍል ወታደርነት ተቀጥረው፥ እኛ ከሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት ስሟን በምናውቃት በተሰሎንቄ ቁስለኛ ሲያነሡና ሲያስታምሙ ቈዩ። ኋላም ወደ እንግሊዝ አየር ኃይል ተዛውረው በረራ ሲማሩ አይሮፕላን ይዟቸው ወደቀና ተረፉ፤ ከዚያ የተረፉት ሰው ጥቂት ቈይቶ በለንደን ከተማ፥ መብራት ሁሉ በጠፋበት ሌሊት፥ አውቶቡስ ገጫቸውና ወደ አገራቸው ተመለሱ። የበረራ አስተማሪያቸው ሌስተር የሚለው ስም ለአውሮፕላን ነጂ አይበረታም ብሎ ማይክ ስላላቸው ወዳጆቻቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚጠሩዋቸው በዚሁ ስም ነበር። ይህን የወታደርነት ዘመናቸውን አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ ይመጣልና።

ከጦርነቱ በኋላ በኦክስፎርድ ተማሩ፥ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም ታሪክ አስተማሩ፤ ከተማሪዎቻቸውም አንዷን አገቡ። በ1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገብተው በለንደን፥ ኋላም በዋሽንግተን አምባሳደር ሆነው አገለገሉ፤ በ1948 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፥ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህን በችኮላ እናልፈዋለን፤ ማዕርግ መቍጠር ሰውን አያሳውቅምና።

በ1956 ዓ.ም. የሱዌዝ ነገር መጣ። ፕሬዚዳንት ናስር ቦዩን የመንግሥት ንብረት ካደረጉት በኋላ እስራኤል፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ ግብጽን ወጉ። ፒርሰን በተባበሩት መንግሥታት ቆመው፥ ከተዋጊዎቹ መካከል ገብቶ የሚያገላግል ዓለም አቀፍ ጦር እንዲቋቋም አሳብ አቀረቡ፤ ጉባኤውም በኖቬምበር 4 ቀን በ57 ድምፅ ተቀበለው፤ 19 አገሮች ድምፅ ከመስጠት ሲታቀቡ የተቃወመ አንድም አልነበረም። በዚህም ምክንያት በሚከተለው ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። ነገር ግን በዚህ ክብር ውስጥ አንድ እሾህ ነበረ። ካናዳ ለዚሁ ጦር እግረኛ ወታደሮች ልትልክ ስትዘጋጅ ግብጾች እንቢ አሉ። የክፍለ ጦሩ ስም የንግሥቲቱ እየተባለ የሚጠራ፥ ልብሱ የእንግሊዝን ወታደር ልብስ የሚመስል፥ የካናዳም ባንዲራ በማዕዘኑ ላይ የእንግሊዝን ዩኒየን ጃክ የተሸከመ ነበርና፤ ትናንት ቦምብ የጣለብንን ከዛሬው አስታራቂ በምን እንለየዋለን የሚል ነበር ነገሩ። ካናዳ በእግረኛው ፈንታ የስንቅ፥ የማመላለሻና የመገናኛ ሠራተኞችን ለመላክ ተገደደች። የሰላሙን ጦር ያሳሰቡት ሰው የገዛ አገራቸው ወታደር በባንዲራው ምክንያት ከበር ሲመለስ አዩ።

እዚህ ላይ የካናዳን ሁኔታ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ካናዳ ከ1867 ዓ.ም. ጀምሮ ራሷን የምታስተዳድር ብትሆንም በሕግ የጸደቀ የራሷ ሰንደቅ ዓላማ አልነበራትም። የምታውለበልበው ሬድ ኤንሳይን የሚባለውን፥ መደቡ ቀይ፥ በላይኛው ማዕዘን ዩኒየን ጃክ፥ በስተቀኝ የካናዳ ጋሻ ያለበትን ባንዲራ ነበር። በ1946 ዓ.ም. የምክር ቤት ኮሚቴ ተሰይሞ አንድ አሳብ አቅርቦ ነበር፤ በጊዜው የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ማኬንዚ ኪንግ ግን ጠብ ፈርተው ነገሩን በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ጠቡም በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹና በኬቤክ አገር በሚኖሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች መካከል የነበረው ነው። ለመጀመሪያዎቹ ያ ባንዲራ አያት ቅድመ አያት ማለት ነው፤ ለሁለተኞቹ ግን በ1759 ዓ.ም. በኬቤክ ከተማ ድል ያደረጋቸው ጦር ምልክት ነው።

በነገራችን ላይ፥ የኬቤክ ሰዎች ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እንግዳ አይደሉም። በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ያቋቋሙትና የመሩት ዶክተር ሉሲየን ማትና ባልደረቦቻቸው ከዚያው ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን ነበሩ።

ፒርሰን በ1958 ዓ.ም. የሊበራል ፓርቲ መሪ ሆኑና በዚያው ዓመት ምርጫ እጅግ አሳፋሪ ሽንፈት ተሸነፉ፤ የኮንሰርቫቲቩ መሪ ጆን ዲፈንቤከር ከ265 ወንበር 208ቱን ወሰዱ። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ መጻሕፍቱ ይመለስ ነበር። እርሳቸው ግን አምስት ዓመት ታግለው በኤፕሪል 1963 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ያውም ከምክር ቤቱ ግማሽ ባነሰ ወንበር። በዚያው ወራት በሞንትሪያል ከተማ ኬቤክን ለመገንጠል የሚሹ ሰዎች ቦምብ ማፈንዳት ጀምረው ሰው ሞቶ ነበር። ፒርሰን በምርጫው ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ ሰንደቅ ዓላማ እንደሚያወጡ ቃል ገብተዋል፤ አማካሪዎቻቸው ነገሩ ለመንግሥታቸው አደገኛ መሆኑን እያወቁ ፈሩ፤ እርሳቸው ግን አገሪቱ በ1967 ዓ.ም. መቶኛ ዓመቷን ሳታከብር መፈጸም አለበት ብለው ጸኑ።

ሜይ 17 ቀን 1964 ዓ.ም. ያደረጉት ነገር እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀናል። አሳባቸውን ለመግለጥ የመረጡት ቦታ ወዳጆቻቸው የተሰበሰቡበት አዳራሽ ሳይሆን፥ በዊኒፔግ ከተማ የተደረገው የጡረተኛ ወታደሮች ማኅበር ጉባኤ ነበር። በዚያ የተቀመጡት በሬድ ኤንሳይን ሥር የተዋጉ፥ ጓደኞቻቸውን በዚያው ባንዲራ ጠቅልለው የቀበሩ ሰዎች ናቸው። ፒርሰን በፊታቸው ቆመው ጊዜው የማፕል ዛፍ ቅጠል ነው ብለው ሲነግሩዋቸው አዳራሹ በፉጨትና በጩኸት ተናወጠ። እርሳቸውም ሳይቈጡ፥ ድምፃቸውንም ሳያነሡ፥ በመጀመሪያው ጦርነት አብረዋቸው የዘመቱት ወታደሮች በቆባቸው ላይ ያደረጉት የማፕል ቅጠል እንደ ነበረ፥ በባሕር ማዶም በወደቁት መቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ይኸው ቅጠል መሆኑን አስታወሱዋቸው። ተሰሎንቄ ላይ ቁስለኛ ያነሣ ሰው ይህን ለመናገር መብት አለው። ያን ዕለት ብዙ ሰው እንዳላሳመኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የሚጠላቸውን ሰው ፊት ለፊት ሄደው ነግረውታል። ከጀርባው ዐዋጅ ማውጣት ይቀል ነበር።

ጁን 15 ቀን ክርክሩ በሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተከፈተ። ፒርሰን ያቀረቡት ንድፍ በነጭ መደብ ላይ ሦስት ቀያይ ቅጠሎች፥ በግራና በቀኝ ሰማያዊ ጠርዝ ያሉት ነበር፤ ጠርዙ ሁለቱን ውቅያኖሶች ለማመልከት ነው። ዲፈንቤከርም ነገሩ በሕዝብ ድምፅ ይወሰን ብለው ተነሡ፤ ፓርቲያቸውም ንግግር በንግግር ላይ እየደራረበ ጉዳዩ ወደ ድምፅ እንዳይደርስ በጋውን ሙሉ ያዘው። ከ250 በላይ ንግግር ተደረገ። በየጋዜጣው፥ በየቤተ ክርስቲያኑ፥ በየመጠጥ ቤቱ ሰው ተከፋፈለ።

ዲፈንቤከርን እንደ ግትር ሽማግሌ ብቻ ማየት ቀላል ነው፤ እኛ ግን ይህን አንቀበልም። በአባታቸው በኩል ዘራቸው ከጀርመን ስለ ሆነ በስማቸው ምክንያት ሲናቁ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ለእርሳቸው የድሮው ባንዲራ ከማንም ዘር የመጣ ሰው ከሌላው ጋር እኩል የሚቆምበት ጥላ ነበር። ሕዝቡ ይጠየቅ ማለታቸውም ከንቱ አሳብ አይደለም። ችግሩ ብዛቱ የእንግሊዝኛ ተናጋሪው በሆነ አገር የሕዝብ ድምፅ ማለት ኬቤክን በቍጥር ማሸነፍ ማለት መሆኑ ላይ ነው፤ በቍጥር የተሸነፈ ሕዝብ ደግሞ ባሸነፈው ባንዲራ ሥር በደስታ አይሰለፍም። ሦስቱ ቀለማት ጸንተው በመካከላቸው የሚቀመጠው ምልክት ከመንግሥት ጋር ሲለዋወጥ ባየንበት በእኛ አገር ይህን ማስረዳት ብዙ ቃል አይጠይቅም።

በሴፕቴምበር ነገሩ ከየፓርቲው ለተውጣጡ 15 እንደራሴዎች ኮሚቴ ተመራ። ከሕዝቡ በሺህ የሚቈጠር ንድፍ ጐረፈ፤ ቅጠል፥ ኮከብ፥ መስቀል፥ ቢቨር የሚባለው አውሬ ሳይቀር ተሥሎ መጣ። ከነዚህም መካከል የታሪክ ምሁሩ ጆርጅ ስታንሊ ያቀረቡት ነበረ። በኪንግስተን ከተማ ካለው፥ ከሚያስተምሩበት ጦር አካዳሚ ባንዲራ ተነሥተው፥ በሁለት ቀይ መደቦች መካከል በነጭ ላይ አንድ ቀይ ቅጠል ብቻ ይሁን፤ የእንግሊዝም የፈረንሳይም ምልክት አይግባበት ብለው ነበር። ኦክቶበር 22 ቀን የመጨረሻው ምርጫ በፒርሰን ሦስት ቅጠልና በስታንሊ አንድ ቅጠል መካከል ሆነ። ኮንሰርቫቲቮቹ ሊበራሎቹ የአለቃቸውን ንድፍ መደገፋቸው አይቀርም ብለው፥ ኮሚቴው እንዲከፈል ለአንዱ ቅጠል ድምፅ ሰጡ። ሊበራሎቹ ግን ከትናንሾቹ ፓርቲዎች ጋር በስውር ተስማምተው ኖሮ እነርሱም ለአንዱ ቅጠል ሰጡ። ውጤቱ 14 ለ0 ሆነ! የፒርሰን ንድፍ አንድ ድምፅ እንኳ ሳያገኝ ወደቀ። ብዙ መሪ እዚህ ላይ ይኰርፍ ነበር። ፒርሰን ግን የኮሚቴውን ምርጫ ወዲያው ተቀበሉ፤ ናሙናውም በመኖሪያቸው ተሰቅሎ እንዲያዩት ፈለጉና፥ አንዲት ወጣት ሴት በቤቷ ባለው የስፌት መኪና በአንድ ሌሊት ሰፍታ አደረሰችላቸው።

ክርክሩ ግን አላበቃም። በመጨረሻ ክርክሩ በደንብ ይዘጋ የሚለውን አሳብ ያቀረቡት ከኮንሰርቫቲቩ ፓርቲ፥ ከኬቤክ የተመረጡት ሌዮን ባልሰር ነበሩ፤ ከመሪያቸው ተለይተው። ዲሴምበር 15 ቀን 1964 ዓ.ም.፥ በሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ድምፅ ተሰጠና 163 ለ78 አለፈ። ከሁለት ቀን በኋላ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተቀበለው። በዚያው ሳምንት ዩኒየን ጃክ ለንግሥቲቱና ለኮመንዌልዝ ታማኝነት ምልክት ሆኖ እንዲውለበለብ ተፈቀደ፤ ይህም የተሸነፈውን ወገን ባዶ እጁን ላለመስደድ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በጃንዋሪ 28 ቀን 1965 ዓ.ም. ዐዋጁን ፈረሙ፤ ፌብሩዋሪ 15 ቀን በኦታዋ ሬድ ኤንሳይን ወርዶ ቅጠሉ ተሰቀለ። ዲፈንቤከር በዚያ ቆመው እንባቸውን ሲጠርጉ ታዩ። የኦንታሪዮና የማኒቶባ ክፍላተ ሀገር በዚያው ዓመት ሬድ ኤንሳይንን የየራሳቸው ባንዲራ ለማድረግ ሕግ አወጡ፤ ዛሬም ያውለበልቡታል።

ፒርሰን ከዚህ በኋላ ሦስት ዓመት ገዙ። የተማሪዎች ብድር፥ የጡረታ አበል፥ ለሁሉ የሚደርስ የሕክምና ዋስትና የተጀመሩት በእርሳቸው ዘመን ነው፤ በ1965 ዓ.ም. ዳግመኛ ሕዝቡን ቢጠይቁም ሙሉ ብልጫ አሁንም ተነፈጋቸው። በ1967 ዓ.ም. በመቶኛው ዓመት በዓል፥ በሞንትሪያሉ ኤክስፖዚሲዮን ጊዜ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካናዳን ሲጐበኙ ከአረንጓዴ ብጫ ቀዩ ጎን የተሰቀለው አዲሱ ሰንደቅ ዓላማ ነበር። የኬቤክ ጥያቄ ግን በቅጠል አልተፈታም፤ በ1980 እና በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ሀገሩ ለመገንጠል ድምፅ ሰጥቶ፥ በሁለተኛው ጊዜ አገሪቱ ሳትከፈል የተረፈችው በጥቂት ብልጫ ነው።

በኤፕሪል 1968 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀው ወደ ማስተማር ተመለሱ፤ ዲሴምበር 27 ቀን 1972 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው አረፉ። ዲፈንቤከር በ1979 ዓ.ም. ሲሞቱ፥ አስቀድመው ባዘዙት መሠረት በሣጥናቸው ላይ ሁለቱም ባንዲራዎች ተደረጉ። ፒርሰን የተቀበሩት በኬቤክ ምድር፥ ዌክፊልድ በምትባል ትንሽ መንደር ኮረብታ ላይ፥ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አብረዋቸው ከሠሩት ከሁለቱ የቆዩ ወዳጆቻቸው አጠገብ ነው።