ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ የንጉሥ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ ያሉ ሰው

የአገራችንን ታላላቅ ሰዎች ስንቆጥር ብዙ ጊዜ ጦር ይዘው ጠላት ያባረሩትን እንጠራለን፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ብዕር ብቻ ይዘው አገር ከውስጥ በምን እንደምትደክም ያሳዩም አሉ። እኔ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ታሪካቸውን ልጽፍላችሁ የመረጥኋቸው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። የመረጥኋቸውም ስለ አንድ ነገር ነው። ይኸውም ከሕዝብ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የሹሙ የራሱ የትኛው፥ የመንግሥት የትኛው እንደ ሆነ ተለይቶ ይታወቅ ብለው ገና በዚያ ዘመን ስለ ጻፉ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ ማይ ምሻም በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በወደቁ ጊዜ እሳቸውም በዚያው ጦርነት ሞቱ። ልጃቸው ገና በሕፃንነት ያለ አባት ቀሩ። ዘመኑም ከብት ያለቀበት፥ ሰው በራብ የረገፈበት ክፉ ቀን ነበረ። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ወርደው በምጥዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ ከነበረው ከስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪካቸው ተረት ይመስላል። አንድ ቀን መርከብ ለማየት ወደ ምጥዋ ወደብ ሔደው ሳለ እዚያው ተደብቀው ቀሩና መርከቢቱ ይዛቸው ሔደች። የመርከቡ አዛዥም አውሮፓ ሲደርስ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ ሰጣቸው። እነዚያም ሰዎች እንደ ልጅ አድርገው አሳደጓቸው፤ አስተማሯቸውም። እስከ በርሊን ድረስ ሔደው ከፍ ያለ ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኑ። ቆይተው ግን ከአገር ወጥተው በሱዳን ተቀመጡ፤ እዚያም የእንግሊዞችን አስተዳደር በቅርብ ተመለከቱ።

እንግዲህ እኒህ ሰው የአውሮፓን፥ የሱዳንንና የገዛ አገራቸውን አገዛዝ አይተው አንዱን ከሌላው ለማስተያየት ቻሉ ማለት ነው። የጻፉትንም ለመረዳት በዚያ ዘመን ግብር በአገራችን እንዴት ይሰበሰብ እንደ ነበረ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሹም ቁርጥ ያለ ደመወዝ አልነበረውም። መንግሥት ለአገልግሎቱ ዋጋ አድርጎ መሬትና ገባር ይሰጠዋል። ገባሩም እህሉን፥ ማሩን፥ በጉን ያመጣል፤ የሹሙን ሁዳድ ያርሳል፥ አጥር ያጥራል፥ እንጨት ይለቅማል፤ ሚስቱም እህል ትፈጫለች። ሹም በተለወጠ ቁጥር መተያያ ይባላል፤ በዓል በመጣ ቁጥር እጅ መንሻ ይባላል፤ መንገደኛ መኰንን ባለፈ ቁጥር ድርጎ ይባላል። ገባሩ በዓመት ስንት እንዲከፍል እንደ ተወሰነ አያውቅም። ሹሙም ቢጠየቅ ስንት እንዲቀበል እንደ ተፈቀደለት ለይቶ ለመናገር አይችልም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረታችንም የዚህ ዓይነቱ አገዛዝ ልጅ ነው።

እኔ ይህን ባሰብሁ ጊዜ አንድ ነገር ገረመኝ። በእንዲህ ያለ አሠራር ሹሙ ሌባ ነው ለማለት እንኳ አይቻልም። ሌብነት የሚባለው የሰውን መውሰድ ነውና፥ የራሱ የቱ ላይ እንደሚያልቅ ካልታወቀ የሌላው የቱ ላይ እንደሚጀምር በምን ይለያል? ገንዘቡን መደበቅም አያስፈልገው፤ ድንበር የሌለው እርሻ ውስጥ የገባን በሬ ማን ገፍቶ ያስወጣዋል?

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የተነሡት ይህን ድንበር ለማስመር ነው። ዐፄ ምኒልክ ታመው ሥልጣኑ ወደ ወጣቱ ወደ ልጅ ኢያሱ በተላለፈበት ወራት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም.፥ አሥመራ ላይ በወጣው ብርሃን ይሁን በተባለው ኅትመት ውስጥ ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው ታተመ። በዚህ ጽሑፍ ያለፈውን ዘመን መርምረው ለመጪው ዘመን የሚበጀውን ሥራ ተራ በተራ ዘረዘሩ። ከዝርዝሩም መጀመሪያ ያደረጉት የንጉሡ የግል ገቢ ከመንግሥቱ ገቢ እንዲለይና ሹማምንት እንደ ማዕረጋቸው ቁርጥ ያለ ደመወዝ እንዲሰጣቸው ነው። ቀጥለውም የሕዝቡ ግብር ልኩ ታውቆ በገንዘብ እንዲከፈል፥ ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ እንዲወጣ፥ ገንዘባችንና ቀረጣችን አንድ ዓይነት እንዲሆን አሳሰቡ።

ነገሩን አስተውሉት። ከላይ ከንጉሡ ጀመሩ እንጂ ከምስለኔው ወይም ከጭቃ ሹሙ አልጀመሩም። ንጉሥ የአገር አባት ነውና የአባትን ኪስ መቍጠር ነውር ነው የሚሉ ሰዎች በዚያ ዘመን ብዙ ነበሩ። ነገር ግን ትልቁ ያልተለየለትን ነገር ትንሹ ይለይ ዘንድ እንዴት ይታዘዛል? የንጉሡ ጎተራና የመንግሥቱ ጎተራ አንድ ከሆነ፥ የምስለኔውም ጎተራ ከሁለቱ ጋር መቀላቀሉ አይቀርም። ደግሞም ሦስቱ ነገሮች አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም ልብ እንበል። ግብሩ ቢወሰንና ደመወዝ ባይኖር ሹሙ ተርቦ ይዘርፋል። ደመወዝ ቢኖርና ግብሩ ባይወሰን ከደመወዙ በላይ ይወስዳል። ሁለቱም ኖረው የንጉሡ ገቢ ባይለይ ደግሞ ከላይ ያለው ምሳሌ የታችኛውን ያበላሸዋል።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሔድ አያስፈልገንም። እኔ በዚህ ዓመት የክፍላችን ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ከጓደኞቼ የተቀበልሁትን ሁሉ በሌላ ከረጢት አስቀምጣለሁ፤ በደብተርም ጽፌ በየወሩ አነብላቸዋለሁ። ደብተሩ ለነሱ ብቻ የሚጠቅም አይምሰላችሁ። አንድ ቀን አዲስ ጫማ አድርጌ ብመጣ ማንም በክፉ ዓይን አያየኝም፤ ደብተሩ ይመሰክርልኛልና። የተለየ ሒሳብ ለታማኝ ሰው ጋሻው ነው።

ከዚህ በኋላ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በጽሑፍ የመከሩትን በሥራ የሚያዩበት ቀን መጣ። በልጅ ኢያሱ ዘመን የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፥ ቀጥሎም የድሬ ዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ። ባቡሩ ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ከደረሰ ወዲህ ወደ አገራችን ከሚገባውና ከሚወጣው ዕቃ ብዙው የሚያልፈው በዚያች ከተማ በር ነበረ። ቡናው፥ ቆዳው፥ ጨርቁ ሁሉ የሚቀረጠው በዚያ ነው። እንግዲህ የሹማምንትን ገቢ ይለይ ብሎ የጻፈ ሰው ሹም ሊፈተንበት ከሚችለው ቦታ ዋናው ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። እሳቸው ግን በዚያ ወንበር ተቀምጠው የቀድሞውን አሳብ አልተዉም፤ እንዲያውም አስፋፍተው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። በዚህም መጽሐፍ አገር ባለጸጋ የሚሆነው በሕዝቡ ሥራና ዕውቀት እንደ ሆነ፥ ሠሪውን የሚያራቁት አገዛዝም ራሱን እንደሚያደኸይ አስረዱ።

ነገር ግን ዕድሜያቸው አጭር ሆነ። በ1911 ዓ.ም. ገና የ33 ዓመት ሰው ሳሉ ዐረፉ። መጽሐፉን ታትሞ ሳያዩት ቀሩ፤ የታተመው ከሞቱ አምስት ዓመት ቆይቶ፥ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ በነበሩበት ዘመን፥ በ1916 ዓ.ም. ነው።

የዘሩት ዘር ግን ቀስ እያለ በቀለ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ በዓመቱ በጀት መሠረት እንጂ እንዲያው እንዳይወጣ ደነገገ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የመሬት ግብርን በጋሻ ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ 15፣ 10ና 5 ብር አድርጎ ወሰነ። እሳቸው ከሞቱ ከ90 ዓመት በኋላም በ2002 ዓ.ም. ተሿሚዎች፥ ተመራጮችና የመንግሥት ሠራተኞች ሀብታቸውንና የገቢያቸውን ምንጭ እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድድ አዋጅ ቁጥር 668 ወጣ። ሕግ መውጣቱ ብቻ ሥራውን አይጨርስም፤ መዝገብ የሚረዳው የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው።

ውድ ተማሪዎች ሆይ፥ በኛ ባህል የሰውን ደመወዝ መጠየቅ ነውር ነው፤ ለጎረቤታችንም ሲሆን ነውርነቱ ደግ ነው። የሕዝብ ገንዘብ የያዘ ሰው ግን እንደ ጎረቤት አይደለም። ከኛ መካከል ነገ ሐኪም፥ ዳኛ፥ የገቢዎች ሠራተኛ፥ ሚኒስትርም የሚሆን ይኖራል። ያን ጊዜ ስንት ታገኛለህ፥ ከየትስ ታገኘዋለህ ብሎ የሚጠይቀንን ሰው እንደ ተሳዳቢ ሳንቆጥር ደብተራችንን ገልጠን እናሳየው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ይህን ጥያቄ በመጀመሪያ ያቀረቡት ለንጉሥ ነበርና፥ ከንጉሥ የምንበልጥ አይደለንም።