ኤድዋርድ ጄነርና ባልንጀሮቹ ሐኪሞች

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ ያደግን ተማሪዎች የፈንጣጣን ስም ከአያቶቻችን ሰምተናል እንጂ በሽታውን አላየንም። ለዚህ ካበቁን ሰዎች ዋነኛው እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ነው። ታሪኩን እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን ክትባቱን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የሙያ ባልንጀሮቹ መገኘታቸው ነው።

ጄነር እ.ኤ.አ. በ1749 በርክሌይ በምትባል የገጠር ከተማ ከቄስ ቤት ተወለደ። በ8 ዓመቱ በጥንቱ ልማድ ተከተበ፤ ይኸውም ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቍስል የተወሰደውን መግል በጤነኛው ሰው ቈዳ ማስገባት ነው። ይህ ልማድ በአገራችንም ነበረ። ልጁን አስቀድመው አስራቡት፣ ደሙንም አፈሰሱት፤ ከዚያም ከሌሎች ልጆች ጋራ በጋጣ ዘጉበት። በዚህ መንገድ ብዙዎች ቢድኑም የሚሞቱ ነበሩ፤ የተከተበውም በሽታውን ለጎረቤቱ ያስተላልፍ ነበር።

አድጎ ሐኪም በሆነ ጊዜ፣ ላም አላቢዎች በላም ፈንጣጣ ከተያዙ በኋላ የሰው ፈንጣጣ እንደማይነካቸው ከባላገሮች የሰማውን መረመረ። በ1796 ከአንዲት አላቢ እጅ መግል ወስዶ የአትክልተኛውን የ8 ዓመት ልጅ ጄምስ ፊፕስን ከተበው፤ ኋላም እውነተኛውን ፈንጣጣ ቢሰጠው ልጁ አልታመመም። (በድኻ ልጅ መሞከሩን እኛ አናወድስለትም።) የሎንዶኑ የንጉሥ የሳይንስ ማኅበር ጽሑፉን ስላልተቀበለው በ1798 በራሱ ገንዘብ አሳተመው።

በዚህ ጊዜ ጠብ ተነሣ። በአሮጌው ክትባት የበለጸጉ ሐኪሞች እንጀራቸው እንደተነካ ቈጠሩት። ሮውሊ የተባለው ሐኪም የተከተበ ልጅ ፊቱ ወደ በሬ ፊት ሲለወጥ የሚያሳይ ሥዕል እስከ ማሳተም ደረሰ። ሆኖም ተጠራጣሪው ሁሉ ሆዳም ወይም ሰነፍ አልነበረም። በሎንዶን ከፈንጣጣ ጋራ የተደባለቀ ክትባት ተሰጥቷቸው የታመሙ ነበሩ፤ ጄነር ዕድሜ ልክ ይከላከላል ያለውም ከዓመታት በኋላ ኃይሉ የሚደክም ሆኖ ተገኘ። እርሱ ግን በአትክልቱ ቦታ ባለች ጎጆ ድኾችን በነጻ ሲከትብ ኖሮ በ1823 ሞተ።

በአገራችን ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ከእኛ ከዓባይ ማዶ በጎጃም አሮጌውን መርጠው አዲሱን ክትባት እምቢ ያሉ ብዙዎች ነበሩ። የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ነው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት ሲመጣ ደግሞ በመጀመሪያ የተጠሩት የጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ ሕፃናትን በገዛ እጃቸው ከሚከትቡት መካከል እንኳ ያመነቱ አልታጡም። ከእኛም ውስጥ ሕክምና የሚማሩት ነገ ወደ ቦረናና ወደ ሳይንት ጤና ጣቢያ ሲላኩ፣ ገበሬው አስቀድሞ የሚጠይቃቸው እነርሱ ራሳቸው ተከትበው እንደሆነ ነው።