ዎሬል ጥያቄውን በሜዳ መለሰው
ክሪኬት በእኛ አገር ብዙ ተመልካች ባይኖረውም የፍራንክ ዎሬል ታሪክ ለኳስ አፍቃሪም ይጥማል። የካሪቢያን ደሴቶች የጋራ ቡድን የሆነው ዌስት ኢንዲስ ኮከቦቹ ጥቁሮች ቢሆኑም አምበልነቱ ለዓመታት የነጮች ነበር። እ.ኤ.አ በ1924 በባርባዶስ የተወለደው ዎሬል በ1960-61 ከአውስትራሊያ ጋር የተደረጉትን አምስት ጨዋታዎች በሙሉ በመምራት ሙሉ የውድድር ዙር የመራ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል ሆነ። በብሪዝበን አምስት ቀን የፈጀው ፍልሚያ በእኩል ነጥብ አለቀ፤ በቴስት ክሪኬት እንዲህ ያለ ውጤት ታይቶ አያውቅም ነበር። በድምሩ 2ለ1 ቢሸነፍም የሜልቦርን ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ሸኘው። ከዚያማ ማን ያቁመው! በ1962 ህንድን 5ለ0፣ በ1963 እንግሊዝን በሜዳዋ 3ለ1 ቀጣ። በአምበልነት ከመራቸው 15 ጨዋታዎች 9 አሸንፎ በ3ቱ ብቻ ተረትቷል። በ1967 በደም ካንሰር ሲያርፍ ገና 42 ዓመቱ ነበር። ዌስት ኢንዲስና አውስትራሊያ የሚፋለሙለት ዋንጫ ዛሬም በስሙ ይጠራል።