ብዕርና ክርክር በቤንጃሚን ፍራንክሊን ሕይወት

የቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም በመሐንዲሶች ዘንድ በተነሣ ቍጥር በቅድሚያ የሚታወሰው የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ነው። ዳሩ ግን ይህ ሰው በ65 ዓመቱ የሕይወቱን ታሪክ መጻፍ በጀመረ ጊዜ፣ ለደረሰበት ማዕረግ ዋና መሰላል አድርጎ የቈጠረው የኤሌክትሪክ ምርምሩን ሳይሆን በወጣትነቱ የለመደውን የድርሰት ጽሕፈት ነው። ዛሬ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎች የሚሰጡት የቤት ሥራዎች፣ ማለትም አንብቦ በራስ ቃል መጻፍ፣ በሌላ ሰው አንደበት ታሪክ መፍጠር፣ በአንድ አሳብ ላይ ግራና ቀኝ ቆሞ መከራከር፣ ሁሉም በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ይገኛሉ። ልዩነቱ የቤት ሥራውን የሚሰጠውም፣ የሚሠራውም፣ የሚያርመውም እርሱው ራሱ መሆኑ ነው። ይህም ጽሑፍ የሚመለከተው የፍራንክሊንን ሕይወት በዚህ በኩል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ያለ መምህር የተሠራ የቤት ሥራ

ፍራንክሊን በጃንዋሪ 17 ቀን 1706 በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆሳያ ከእንግሊዝ አገር የፈለሰ ሻማና ሳሙና ሠሪ ሲሆን የ17 ልጆች አባት ነበር። ቤንጃሚን ከወንዶቹ የመጨረሻው ነው። አባቱ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አስቦት በ8 ዓመቱ ላቲን ወደሚሰጥበት ትምህርት ቤት አስገባው፤ ነገር ግን ወጪው ስለ ከበደው ዓመት ሳይሞላ አስወጥቶ ጽሕፈትና ሒሳብ ወደሚያስተምር መምህር ላከው። ልጁ ጽሕፈቱ ቢሳካለትም በሒሳብ ወደቀ። በ10 ዓመቱም ትምህርቱ አብቅቶ በአባቱ ሱቅ የሻማ ክር ቈራጭ ሆነ። በ12 ዓመቱ ደግሞ አታሚ ለነበረው ለታላቅ ወንድሙ ለጄምስ፣ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በውል የታሰረ የሙያ ተለማማጅ ሆኖ ገባ።

በዚያው ከተማ ጆን ኮሊንስ የሚባል መጽሐፍ ወዳድ ጓደኛ ነበረው። ሁለቱ በተገናኙ ቍጥር ይከራከሩ ነበር። አንድ ጊዜ ሴቶች ከፍ ያለ ትምህርት ሊማሩ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ጥያቄ ላይ ተለያዩ። ኮሊንስ አይገባም አለ፤ ፍራንክሊን ደግሞ ይገባል ብሎ ተቃወመ። ኮሊንስ አንደበቱ የተፈታ ስለ ነበር በማስረጃው ብርታት ሳይሆን በንግግሩ ብዛት የሚረታው መሰለው። ስለዚህ ነገሩ ሳይቋጭ ከተለያዩ በኋላ ፍራንክሊን ክርክሩን በጽሑፍ ቀጠለው፤ ሦስት አራት ደብዳቤዎችም ተለዋወጡ። አባትዮው ወረቀቶቹን አግኝቶ አነበበ። ከሁለቱ ማን ትክክል እንደ ሆነ አልተናገረም፤ ነገር ግን ልጁ በፊደል አጣጣልና በሥርዐተ ነጥብ ጓደኛውን ቢበልጥም፣ በአሳብ ቅደም ተከተል፣ በግልጽነትና በቃላት ውበት እንደሚያንስ ምሳሌ እያወጣ አሳየው። ልጁም እርማቱን ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ ለራሱ የሰጠው ልምምድ ዝርዝሩ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ስፔክቴተር ከተባለው የለንደን ጋዜጣ የተሰበሰበ አንድ ጥራዝ ገዛ። ከድርሰቶቹ አንዱን አንብቦ የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አሳብ በአጭር ማስታወሻ ይይዛል። ጥቂት ቀናት አሳልፎ መጽሐፉን ሳያይ ከማስታወሻው ብቻ ድርሰቱን በራሱ ቃል እንደገና ይጽፈዋል። ከዚያም ከዋናው ጋር አስተያይቶ ስሕተቱን ያርማል። የቃላት ክምችቱ ማነሱን በተረዳ ጊዜ ድርሰቱን ወደ ግጥም ይለውጠው ጀመር፤ ግጥም በልክና በቤት አስገድዶ ለአንድ አሳብ ብዙ ቃል ያስፈልጋልና። ዋናውን በረሳ ጊዜም ግጥሙን ወደ ስድ ንባብ ይመልሰዋል። አንዳንድ ጊዜ ማስታወሻዎቹን ሆን ብሎ ያደባልቅና ከሳምንታት በኋላ ወደ ትክክለኛ ረድፋቸው ለመመለስ ይሞክራል፤ ይህም አሳብን በሥርዐት ማስቀመጥን አስተማረው። ጊዜው ከሥራ በኋላ ያለው ሌሊት፣ ከሥራ በፊት ያለው ንጋትና እሑድ ብቻ ነበር። የመጽሐፍ መግዣውንም ያገኘው ሥጋ መብላት ትቶ ከምግቡ ወጪ በቈጠበው ገንዘብ ነው።

በዚያው ዘመን ከሰዋስው መጽሐፍ ጀርባ ስለ ንግግርና ስለ ሎጂክ የተጻፉ አጫጭር ትምህርቶች አገኘ። ከዚያም የሶቅራጥስን የጥያቄ ስልት ለመደና ከእርሱ የተሻሉ ሰዎችን እንኳ ሳያስቡት ወደማይወጡበት ወጥመድ ማስገባት ቻለ። ይሁን እንጂ ጥቂት ዓመታት ከሠራበት በኋላ ስልቱን ተወው፤ እርሱም ሆነ ጉዳዩ የማይገባቸውን ድል ሲያገኙ ስላየ ነው። ከስልቱ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አከራካሪ አሳብ በሚያቀርብበት ጊዜ በእርግጥ፣ ያለ ጥርጥር የሚሉ ቃላትን ትቶ፣ ይመስለኛል በማለት መናገርን ነው።

በ1722 ወንድሙ ያሳትመው በነበረው ጋዜጣ ላይ ለመጻፍ ፈለገ፤ ግን የ16 ዓመት ተለማማጅ ጽሑፍ ተቀባይነት እንደማያገኝ ዐወቀ። ስለዚህ ሳይለንስ ዱጉድ የተባለች ባሏ የሞተባት ሴት ፈጠረ። በእርሷ ስም እየጻፈ ደብዳቤውን ሌሊት በማተሚያ ቤቱ በር ሥር ያስገባ ነበር። የወንድሙ ወዳጆች እያነበቡ ሲያደንቁና ደራሲው ማን እንደ ሆነ ሲገምቱ ልጁ ፊደል እየለቀመ ያዳምጥ ነበር። እንዲህ እያለ 14 ደብዳቤዎች ታተሙለት። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1723፣ ከወንድሙ ጋር ስላልተስማማ ውሉን አፍርሶ ወደ ፊላደልፊያ ኮበለለ።

የዐርብ ማታ ማኅበር

ፍራንክሊን በ1727፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ጁንቶ የተባለ የመማማሪያ ማኅበር አቋቋመ። አብዛኞቹ አባሎቹ ባለጸጎች አልነበሩም። ከመካከላቸው መሬት ቀያሽ፣ ጫማ ሰፊ፣ አናጢ፣ የውል ጽሑፍ ገልባጭ፣ እንዲሁም ሒሳብን በራሱ የተማረ ቶማስ ጎድፍሬይ የሚባል መስታወት ገጣሚ ይገኙበት ነበር። ስብሰባው ዐርብ ማታ ሲሆን ሁለት ግዴታዎች ነበሩት። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ አባል በተራው በሥነ ምግባር፣ በፖለቲካ ወይም በተፈጥሮ ሳይንስ ላይ የመወያያ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው፣ በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ራሱ የጻፈውን ድርሰት ማንበብ ነው። ክርክሩ እውነትን ለመፈለግ እንጂ ለመርታት እንዳይሆን፣ እርግጠኛነትን የሚያሳይ አነጋገር ወይም ፊት ለፊት መቃረን በትንሽ የገንዘብ መቀጫ ያስቀጣ ነበር።

ከዚህ አነስተኛ ክበብ የወጣው ፍሬ ብዙ ነው። አባሎቹ በክርክራቸው መካከል መጻሕፍት ማመሳከር ስላስፈለጋቸው መጽሐፎቻቸውን በአንድነት አከማቹ፤ ከዚያም አሳብ በ1731 በደንበኞች መዋጮ የሚተዳደር ቤተ መጻሕፍት ተወለደ። ስለ እሳት አደጋ በማኅበሩ የተነበበ ጽሑፍ በ1736 የመጀመሪያውን የፊላደልፊያ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ጓድ አስገኘ። የከተማው የሌሊት ጥበቃ ማሻሻያም በመጀመሪያ የቀረበው በዚያው ነው። እነዚህ ሁሉ የሕዝብ አገልግሎቶች ሥራ ላይ ከመዋላቸው በፊት ተጽፈው፣ ተነበውና ተተችተው የወጡ ነበሩ።

በሳይንሱም በኩል የብዕሩ ጥቅም ጐልቶ ታየ። ፍራንክሊን ከ1747 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ሙከራዎቹን ውጤት ለንደን ለነበረው ለፒተር ኮሊንሰን በደብዳቤ ይገልጽ ነበር። መብረቅና ኤሌክትሪክ አንድ ናቸው የሚለው አሳቡ በመጀመሪያ ለንደን ላይ ተሣቀበት። ደብዳቤዎቹ ግን በ1751 በመጽሐፍ ታተሙ። አጻጻፋቸው ግልጽና ሥርዐት ያለው ስለ ነበር፣ ባሕር ማዶ ያለ፣ ደራሲውን አይቶት የማያውቅ ሰው በጽሑፉ የታሰበውን ሙከራ መፈጸም ቻለ። በሜይ 10 ቀን 1752 ፓሪስ አጠገብ በማርሊ መንደር ዳሊባር ባስቆመው ረጅም የብረት ዘንግ ከነጐድጓድ ደመና የኤሌክትሪክ ብልጭታ ተገኘ። በ1753 የለንደኑ ንጉሣዊ ማኅበር የኮፕሊ ሜዳልያውን ሸለመው። ኖሌ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ አሳቡን የሚቃወም መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ ፍራንክሊን መልስ ለመጻፍ ጀምሮ ተወው። ሙከራውን ማንም ሰው ደግሞ ማረጋገጥ ስለሚችል፣ ጊዜውን በጭቅጭቅ ከማጥፋት ይልቅ በአዲስ ሙከራ ላይ ማዋልን መረጠ።

የእንግሊዝኛው ትምህርት ቤት

ፍራንክሊን ሌሎች ልጆች እርሱ በሌሊት ብቻውን የተማረውን በቀን፣ በመምህር እጅ እንዲማሩት ፈለገ። በ1749 ስለ ወጣቶች ትምህርት አንድ የአሳብ ጽሑፍ አሳተመ። በዚህም ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ደብዳቤ እንዲጻጻፉ፣ ያነበቡትን አሳጥረው በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ፣ ጽሑፋቸውም በመምህር እንዲታረም ጠየቀ። ታሪክ ሲማሩ የሚነሡትን የፍትሕና የበደል ጥያቄዎች በቃልም በጽሑፍም እንዲከራከሩባቸው አሰበ። በ1751 አካዳሚው ሲከፈት ደግሞ የእንግሊዝኛውን ክፍል በስድስት ደረጃ ከፋፍሎ ነደፈ። በመጀመሪያው ደረጃ ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው በፊደል አጣጣል ይወዳደራሉ፤ በወሩ ብዙ ቀን ያሸነፈም መጽሐፍ ይሸለማል። በአራተኛው ደብዳቤ መጻፍን ይማራሉ። በአምስተኛው አጫጭር ድርሰት፣ አንዳንዴም ግጥም ይጽፋሉ፤ ይህም ገጣሚ ለመሆን ሳይሆን ቃላትን ለማብዛት ነው። የቦስተኑ ተለማማጅ የሌሊት ልምምድ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የትምህርት መርሐ ግብር ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን የአካዳሚው ባለአደራዎች አብዛኞቹ ላቲንን የሚያከብሩ ባለጸጎች ነበሩ። የላቲኑ መምህር ሬክተር የሚል ማዕረግ ሲሰጠው የእንግሊዝኛው መምህር ያለ ማዕረግ ቀረ። ደመወዝ ሲወሰንም ለላቲኑ መምህር 20 ልጆች ለማስተማር 200 ፓውንድ፣ ለእንግሊዝኛው መምህር 40 ልጆች ለማስተማር 100 ፓውንድ ተመደበ። ፍራንክሊን በ1756 ከባለአደራዎቹ ሰብሳቢነት ተነሣ፤ ከዚያም ብዙውን ዘመኑን በባሕር ማዶ አሳለፈ። የእንግሊዝኛው ክፍልም ከዓመት ወደ ዓመት ተዳከመ። በ1789፣ በ83 ዓመቱና በጠና ታሞ ሳለ፣ የመዝገቡን ቃለ ጉባኤ አስመርምሮ፣ መሥራቾቹ የተስማሙበት አሳብ እንዴት እንደ ተጣሰ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ረጅም የክስ ጽሑፍ አዘጋጀ። በዚህ ጽሑፍ ላቲንን፣ ሰው ከራሱ ላይ ማድረጉን ትቶ ለጌጥ ብቻ በብብቱ ከሚይዘው ባርኔጣ ጋር አመሳሰለው። ክሱ ግን ጊዜው አልፎ ነበር፤ ከመሥራቾቹ በሕይወት የቀረ እርሱ ብቻ ነበርና።

የመጨረሻው ድርሰት

ፍራንክሊን በራሱ ምስክርነት ንግግር ዐዋቂ አልነበረም። በ1766 ግን በእንግሊዝ ምክር ቤት ፊት ቆሞ ስለ ቴምብር ቀረጥ የቀረቡለትን 174 ጥያቄዎች በአጭርና በግልጽ ቃል መለሰ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሕጉ ተሻረ። በ1787 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በሚረቀቅበት ጉባኤ የ81 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ተቀመጠ። ጤናው ስላልፈቀደለት የመጨረሻ ንግግሩን ጄምስ ዊልሰን አነበበለት። ረቂቁን በሙሉ እንደማይወደው አልሸሸገም፤ ነገር ግን በረጅም ዕድሜው ብዙ ጊዜ እርግጠኛ የነበረበትን አሳብ መለወጡን አስታውሶ፣ እያንዳንዱ አባል የራሱን አለመሳሳት ጥቂት ተጠራጥሮ እንዲፈርም ለመነ። የጁንቶ ደንብ ለአንድ አገር መመሥረቻ ዋለ።

እርሱም ራሱ የተሳሳተበት ታላቅ ጉዳይ ነበረ። ፍራንክሊን ባሪያዎች ነበሩት፤ በጋዜጣውም ላይ የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ አትሟል። በ1763 በፊላደልፊያ የጥቁሮች ልጆች ትምህርት ቤት ተገኝቶ ልጆቹ ሲፈተኑ ካዳመጠ በኋላ፣ በማስታወስም ሆነ በማስተዋል ከነጮቹ ልጆች እንደማያንሱ በመግለጽ የቀድሞ አስተያየቱን እንደ ለወጠ ጻፈ። በ1787 ባርነትን የሚቃወመው የፔንሲልቬንያ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ። በፌብሩዋሪ 1790 ማኅበሩ ባርነት እንዲቀር የሚጠይቅ፣ እርሱ የፈረመበት አቤቱታ ለኮንግሬሱ ቀረበ። የጆርጂያው ጄምስ ጃክሰን ባርነትን ደግፎ ተናገረ።

ሽማግሌው ከአልጋው ሆኖ የመለሰው በልጅነቱ በተማረው ዘዴ ነው። በማርች 23 ቀን 1790 በተጻፈ ደብዳቤ አንድ የአልጀርስ ሹም ፈጥሮ፣ ክርስቲያኖችን በባርነት መያዝ ተገቢ መሆኑን ሲያስረዳ አቀረበው። ሹሙ የሚናገረው ያንኑ የጃክሰንን ማስረጃ ነው፤ ባሪያዎቹ ነጻ ቢወጡ እርሻውን ማን ያርሳል፣ ጌቶቹንስ ማን ይክሳቸዋል፣ ባሪያዎቹስ ከአገራቸው ይልቅ እዚህ አይሻላቸውምን ይላል። አንባቢው ማስረጃውን በራሱ ወገን ላይ ተቃጥቶ ሲያየው የዋጋውን ማነስ ይረዳል። የፈጠራ ድርሰትና ክርክር በአንድነት የዋሉበት ይህ ጽሑፍ በሕይወቱ ሳለ ለሕዝብ ያቀረበው የመጨረሻው ነው። ከ25 ቀናት በኋላ፣ በኤፕሪል 17 ቀን 1790፣ በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ኮንግሬሱ ግን በጉዳዩ ለመግባት ሥልጣን እንደሌለው ወስኖ አቤቱታውን ወደ ጎን ተወው።

ፍራንክሊን በኑዛዜው ለቦስተን ነጻ ትምህርት ቤቶች 100 ፓውንድ ተወ፤ በወለዱ ለተማሪዎች የብር ሜዳልያ እንዲሠራ ነው። ለቦስተንና ለፊላደልፊያ ደግሞ ለወጣት የእጅ ባለሙያዎች በብድር የሚሰጥ ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተናዘዘ።

የመሐንዲስ ሥራ በስሌትና በንድፍ ብቻ አያበቃም። ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ይጻፋል፤ ዘገባው በቦርድ ፊት ይነበባል፤ ተቃዋሚም ይነሣበታል። አሳቡን አጥርቶ ያልጻፈ ባለሙያ፣ ስሌቱ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ከእርሱ ያነሰ ዕውቀት ባለው አንደበተ ርቱዕ ሊረታ ይችላል። ፍራንክሊን ከኮሊንስ ጋር ባደረገው ክርክር ይህን በልጅነቱ ቀምሶታል። መድኃኒቱንም ያገኘው ድምፁን ከፍ በማድረግ ሳይሆን ወረቀትና ቀለም ይዞ በሌሊት በመቀመጥ ነው። በየትምህርት ቤቱ ለድርሰትና ለክርክር የሚመደበው ሰዓት ለሳይንሱ ክፍል ተማሪ እንደ ትርፍ በሚታይበት ጊዜ ሁሉ፣ በሒሳብ ወድቆ በብዕሩ የተነሣው የዚህ የኤሌክትሪክ ሊቅ ሕይወት ሊታሰብ ይገባዋል።