ሰዓት ሠሪው አናጢ ጆን ሃሪሰን

እኛ ወጣቶች ተሰብስበን ስለ ወደፊት ሥራችን ስንጨዋወት፣ አብዛኞቻችን የምንመኘው ወንበርና ጠረጴዛ ያለበትን እንጂ መጋዝና መዶሻ የሚያዝበትን አይደለም። በአገራችን ባለ እጅን መናቅ የቆየ በሽታ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የአንድ እንግሊዛዊ አናጢን ሕይወት ልናቀርብ ወደድን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ሃሪሰን በ1693 ዮርክሽር ውስጥ ፎልቢ በምትባል መንደር ከአናጢ አባት ተወለደ። በኋላም ቤተሰቡ ወደ ባሮው መንደር ስለ ተዛወረ በዚያው አደገ። መደበኛ ትምህርት ብዙም አላገኘም፤ ሙያውን የተማረው ከአባቱ ነው። በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ ነበረ፤ ይህንን ስናነብ የእኛ መዘምራን ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። በ1713፣ ዕድሜው 20 ገደማ ሲሆን፣ ጥርሶቹ ሳይቀሩ ከእንጨት የተሠሩ ሰዓት ሠራ።

በዚያን ዘመን ሰዓትን ከሚያቆሙት ነገሮች አንዱ ዘይቱ ነበር፤ ሲቆይ እየረጋ ሽክርክሪቶቹን ይይዛቸዋል። እንጨት የሚያውቀው ሃሪሰን ግን በ1722 ገደማ በብሮክልስቢ ፓርክ ላለው ማማ ሰዓት ሲሠራ፣ ከራሱ ቅባት የሚያወጣ ጠንካራ እንጨት መርጦ ዘይት የማይፈልግ አደረገው። ያ ሰዓት እስከ ዛሬ ይሠራል።

ስሙን ያስጠራው ግን የባሕሩ ጉዳይ ነው። መርከበኞች ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደ ራቁ ከፀሐይና ከከዋክብት ያውቁ ነበር፤ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደ ሄዱ ግን አያውቁም። በ1707 በሲሊ ደሴቶች አጠገብ 4 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከዐለት ጋር ተላትመው ከአንድ ሺህ የሚበልጡ መርከበኞች አለቁ። በ1714 ፓርላማው ለዚህ መፍትሔ ለሚያገኝ እስከ 20,000 ፓውንድ ሽልማት ወሰነ። ነገሩ በቀላሉ ሲገለጽ እንዲህ ነው፦ ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር አንድ ዲግሪ ማለት 4 ደቂቃ ነው። የተነሡበትን ወደብ ሰዓት ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ ከደረሰበት ቦታ ሰዓት ጋር አስተያይቶ ርቀቱን ያሰላል። ችግሩ በማዕበል፣ በሙቀትና በብርድ የማይዛባ ሰዓት አለመኖሩ ነበር።

ሃሪሰን 34 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን የመጀመሪያውን የባሕር ሰዓት በ1735 ጨረሰ። በማግሥቱ ዓመት እስከ ሊዝበን ተጉዞ ሲመለስ፣ የመርከቡ ሹማምንት ያዩትን የባሕር ዳርቻ በስሕተት ሌላ ቦታ ነው አሉ፤ እርሱ ግን በሰዓቱ አስልቶ የት እንዳሉ ነገራቸው። መርከቡ ካሰቡት ቦታ 60 ማይል ያህል ርቆ ተገኘ።

እኛን እጅግ ያስገረመን ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። በሽልማቱ ጉባኤ ፊት ቀርቦ እንደ ማንኛችንም ሰዓቱን በማሞገስ ፈንታ ጉድለቱን ራሱ ዘረዘረ፤ የጠየቀውም ሌላ የተሻለ ለመሥራት 500 ፓውንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛውንም ሠርቶ ጉድለት ስላገኘበት ለሙከራ ሳይሰጥ ተወው። ሦስተኛው 753 ክፍሎች ነበሩት፤ 19 ዓመት ፈጀበት። ዛሬ በየጋራዡ ኩሽኔታ ከምንላቸው አንዱ ዓይነት፣ በቀለበት የተያዙ ተሽከርካሪዎች ያሉት፣ መነሻው ከዚሁ ሰዓት ነው። ሆኖም ያም አላረካውም። 60 ዓመት ካለፈው በኋላ መንገዱን ጨርሶ ለውጦ፣ ስፋቱ 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ በእጅ የሚያዝ አራተኛ ሰዓት በ1759 ፈጸመ። የ19 ዓመት ድካምን ወደ ጎን አድርጎ እንደገና መጀመር ለገንዘብ ብቻ የሚደረግ አይመስለንም።

በ1761 ልጁ ዊልያም ሰዓቱን ይዞ ወደ ጃማይካ ተጓዘ፤ ከ81 ቀን በኋላ የተገኘው ስሕተት 5 ሴኮንድ ብቻ ነበር። ጉባኤው ግን ዕድል ሊሆን ይችላል በማለት ሌላ ሙከራ አዘዘ። በ1764 ወደ ባርባዶስ በተደረገው ጉዞም ሰዓቱ ተሳካለት፤ እንዲህም ሆኖ የተሰጠው ግማሹ ብቻ ነው፣ ያውም ሰዓቱን ፈታትቶ ምሥጢሩን ካስረዳ በኋላ። ሃሪሰን እንደ መልአክ ታጋሽ ነበር ልንል አንችልም፤ በጣም ተማረረ፣ ተጨቃጨቀም። በመጨረሻ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ አምስተኛውን ሰዓት በ1772 አስፈትነው ስለ ደገፉት፣ ፓርላማው በ1773 ተጨማሪ 8,750 ፓውንድ ሰጠው። በዚያን ጊዜ 80 ዓመቱ ነበር። በ1776 ለንደን ውስጥ ዐረፈ።

የመጀመሪያዎቹ አራት የባሕር ሰዓቶች ዛሬ በግሪንዊች ይገኛሉ። ያሸለመው አራተኛው ዘይት ስለሚፈልግና እንዳያልቅ ስለሚፈራለት ቆሞ ይቀመጣል። ጉድለት አለባቸው ብሎ የተዋቸው ሦስቱ ግን አሁንም ይሠራሉ።