በሽተኛውን ከመሬት ያነሳው የጥርስ ሐኪም

ጥርሱን ለማስነቀል ቀጠሮ የያዘ ሰው ሌሊቱ እንዴት እንደሚረዝም የደረሰበት ያውቀዋል። የዛሬ 300 ዓመት ፓሪስ ውስጥ ደግሞ የባሰ ነበር። ማደንዘዣ የሚባል ነገር የለም። ነቃዩ በሽተኛውን መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጭንቅላቱን በጉልበቶቹ መሀል ይይዝና ሥራውን ይጀምራል። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ለበሽተኛው የሚነግር የለም።

ፒየር ፎሻር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1678 ገደማ በፈረንሳይ ነው። ገና በ15 ዓመቱ ባሕር ኃይል ገብቶ ፖትሌሬ ከሚባል የመርከብ ሐኪም ሥር ተማረ። አትክልትና ፍራፍሬ በማጣት በሚመጣው ስከርቪ የመርከበኞች ድድ ሲደማ፣ ጥርሳቸው ሲወላልቅ ያየው እዚያ ነው። በኋላ አንዤ ከተማ ሠርቶ ወደ ፓሪስ መጣ።

ፓሪስ በፖን ኔፍ ድልድይ ላይ ጥርስ ነቃዮች ሕዝብ ሰብስበው ትርኢት የሚያሳዩባት ከተማ ነበረች። ፎሻር የአታላዮችን ዘዴ አጋለጠ። ከሕዝቡ መሀል የሚወጣው “በሽተኛ” የራሳቸው ሰው ነው። የዶሮ ደም በሞላበት ስስ ሽፋን የተጠቀለለ ጥርስ ቀድሞ አፉ ውስጥ ይዟል፤ ነቃዩ ነካ ሲያደርገው ደሙንም ጥርሱንም ትፍ ይላል። ምንም አላመመውም! ይህን አይቶ አምኖ የወጣ እውነተኛ በሽተኛ ምን እንደሚደርስበት መገመት ነው።

ሙያተኞቹ ደግሞ የሚያውቁትን ደብቀው ይይዙ ነበር። ፎሻር በ1728 በሁለት ቅጽ ባሳተመው መጽሐፍ ሁሉንም ገለጠው፤ ያውም በላቲን ሳይሆን ተራው አንባቢ በሚረዳው ፈረንሳይኛ። መሣሪያዎቹን በሥዕል አሳየ፣ አሠራሩን ዘረዘረ። ጥርስን ትል ይበላዋል የሚባለውንም በማጉያ መነጽር ፈልጌ ትል አላገኘሁም ብሎ ጻፈ። እኛም አገር እኮ ይህ ወሬ እስከ ዛሬ አልሞተም። በእርግጥ ለጥርስ ሕመም በራስ ሽንት መጉመጥመጥን የመከረም እሱ ነው፤ ሁሉም ነገር አልተሳካለትም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የወንበሩ ነገር ነው። መሬት ላይ ማስቀመጥ ንጽሕና የሌለው፣ የማይመች፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችን የሚያስደነግጥ ነው ብሎ ተቃወመ። በሽተኛው የማይነቃነቅ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ጭንቅላቱም ይደገፍ አለ። ፍርሃትን የሕክምናው አካል አድርጎ ማየት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ፎሻር በ1761 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ኤተር ለማደንዘዣነት በአደባባይ የታየው ከዚያ 85 ዓመት ቆይቶ ነው። እሱ ዘንድ የሄደ ሰውም ሕመሙ አልቀረለትም፤ ወንበር ላይ ሆኖ ግን ነው።