ፖል ዌልስተን፦ በአረንጓዴው አውቶቡስ ወደ ሴኔት

እ.ኤ.አ. በ1990 ፖል ዌልስተን በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ለሴኔት ሲወዳደሩ ያሸንፋሉ ብሎ የገመተ እምብዛም አልነበረም። ከዩክሬን የፈለሰ አይሁዳዊ ልጅ ሲሆኑ፣ በካርልተን ኮሌጅ የፖለቲካ ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። በ1982 ለግዛቲቱ ኦዲተርነት ተወዳድረው ተሸንፈዋል። ሴናተር ሩዲ ቦሽዊትስ ግን ሁለት ጊዜ የተመረጡ ባለጸጋ ነጋዴ ነበሩ፤ ለቅስቀሳም የዌልስተንን ሰባት እጥፍ ገደማ ገንዘብ አወጡ።

ዌልስተን አረንጓዴ በተቀባ አሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከከተማ ከተማ ዞሩ። አውቶቡሱ በየመንገዱ ይበላሽ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ መታወቂያቸው ሆነ። የቴሌቪዥን ሰዓት ውድ ነውና፣ በአንዱ ማስታወቂያ ከቦታ ቦታ እየተጣደፉ ዓላማቸውን ሁሉ በ30 ሰከንድ ለመጨረስ ሲታገሉ ታዩ። በሌላው ደግሞ ለክርክር ሊጋብዟቸው ቦሽዊትስን ካሜራ አስከትለው በየቢሮው ፈለጉ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ስማቸውንም ያዘ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት የቦሽዊትስ ደጋፊዎች ለአይሁድ መራጮች በላኩት ደብዳቤ፣ ዌልስተን ክርስቲያን በማግባታቸው ተነቀፉ። ቦሽዊትስም አይሁዳዊ ነበሩ፤ ነቀፋው ግን በነቃፊው ላይ ተመለሰ። በዚያ ዓመት በሥልጣን ላይ ያለ ሴናተርን ያሸነፈ ተፎካካሪ በመላ አገሪቱ ዌልስተን ብቻ ነበሩ።

በጥቅምት 2002 ለሦስተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ፣ መቀመጫቸውን ሊያሳጣቸው እንደሚችል እያወቁ የኢራቅን ጦርነት በመቃወም ድምፅ ሰጡ። ምርጫው 11 ቀናት ሲቀሩት፣ ወደ ቀብር ሥነ ሥርዓት ሲጓዙ የነበሩባት አነስተኛ አውሮፕላን በኤቨሌት ከተማ አቅራቢያ ተከሰከሰች። በ58 ዓመታቸው ከባለቤታቸው ሺላ፣ ከልጃቸው ማርሻና ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ሕይወታቸው አለፈ።